ስም ያልተጻፈበት መልእክት

ነስሮ ስልኩን ከሚስቱ እጅ ወስዶ መልእክቱን ጮክ ብሎ አነበበው። «በምርመራዎ ሕክምና የሚያስፈልገው ለውጥ ታይቷል። በጊዜ ከታከመ ይድናል። ሐሙስ ጠዋት ይምጡ። ይህ ሦስተኛው ማሳሰቢያችን ነው።» ከዚያም ቀና ብሎ፣ «ሳዳ፣ የቀሩት ሁለቱስ የት ገቡ?» አላት።

ሁለቱን አጥፍታቸዋለች፤ አጥፊያቸው ያሏት ደግሞ አማቷ ሩቂያ ነበሩ። ሩቂያ ባለፈው ወር ከጎረቤት ሴቶች ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ጎራ ብለው የማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ ሲያደርጉ፣ የራሳቸው ስልክ ስለሌላቸው በቃላቸው የያዙትን የምራታቸውን ቁጥር ሰጡ። ጤና ጣቢያውም የሰው ምስጢር እንዳይወጣ ብሎ በመልእክቱ ላይ ስም አይጽፍም። ሳዳ የመጀመሪያውን ስታነብላቸው እጇን ጨብጠው፣ «አማና ነው፤ አደራሽን። ልጄ ከሰማ ለሕክምና እግሬ ከዚህ ግቢ አይወጣም» ብለዋት ነበር።

አሁን ሩቂያ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ወስፌያቸው ስፌቱ ውስጥ እንደተሰካ ቀርቷል።

«ጉንፋን ሲይዝሽ ጀጎልን በሙሉ የምትቀሰቅሺ ሴት» አለ ነስሮ፣ «ይህን ከእኔ ትደብቂያለሽ? ወይስ ባል የለሽም?»

ሳዳ አማቷን አየች። እሳቸው ዓይናቸውን ወደ ስፌቱ ሰበር አደረጉ። አንድ ቃል ብትናገር እሷ ነጻ ትወጣለች፤ ሐሙስ ግን ያልፋል። ከሐሙስ በኋላ አራተኛ ማሳሰቢያ ይኑር አይኑር አታውቅም።

«ፈርቼ ነው» አለች በመጨረሻ። ይህ ውሸት አልነበረም። «ብቻዬን አልደፍርም። እማዬ ይዘውኝ ይሂዱ።»

ነስሮ ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ፣ ትወስጃታለሽ አይደል?»

ሩቂያ ወስፌውን ከስፌቱ ነቀሉ። «ኢንሻአላህ» አሉ፤ ድምፃቸው እምብዛም አልተሰማም።

ሐሙስ ነስሮ ራሱ በባጃጁ ጤና ጣቢያው አደረሳቸው። አድርሶን ይመለሳል ሲሉ አግዳሚው ወንበር ላይ በመካከላቸው ተቀመጠ። ሳዳ ይህን አላሰበችውም። ጽጌሬዳ የምትባል ነርስ በሩን ከፍታ የሳዳን ስልክ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ጠራች።

«ሂጂ እንጂ» አለ ነስሮ።

ሳዳ አልተነሣችም። አሁን እሷ ከተነሣች አማቷ እዚያው ተቀምጠው ይቀራሉ። ነርሷ ቁጥሩን ደገመችው።

ሩቂያ ሻሻቸውን አስተካክለው ቆሙ። «ልጄ፣ እሷን አትቆጣት» አሉ። «የተመረመርኩት እኔ ነኝ።» ገብተውም በሩን ራሳቸው ዘጉት።

ነስሮ ዓይኑን ከተዘጋው በር ላይ አላነሣም። «ሕክምናው ያማል?» ሲል በቀስታ ጠየቀ።

ሳዳም አታውቅም ነበር።