የታዘበው ኪኒን

ውሻዬን ታዘበው ያልኩት ለጎረቤቴ ለይርሳው ብዬ ነው። በእኛ አገር ሰው ፊት ለፊት የማይናገረውን በውሻው ስም ይናገራል። በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ድልድል «ቢሮክራሲ» ተብዬ የወንዝ ዳር ማሳዬን ተቀማሁ። ቃሉን ያን ዕለት ነው የሰማሁት፤ የደርግ ሰው ማለት ነው አሉ። በደርግ ጊዜ አራተኛ ክፍል ስለደረስኩ የገበሬ ማኅበሩን ደብዳቤ አነብላቸው፣ እጽፍላቸው ነበር፤ ጥፋቴ ይኸው ነው። ማሳው የደረሰው ለይርሳው ነው፤ ከኮሚቴዎቹ አንዱ እሱ ነበር። አጥር ለአጥር ነን። ዓመታት ቢያልፉም እኔ አልረሳሁትም። ሲመሽ አጥሩ ሥር ቆሜ «ታዘበው! ና ታዘበው!» ስል እሱም ገብቶታል። እሱ ደግሞ ወይፈኑን «ምንታመጣ» ብሎ ስም አወጣለት። እንዲህ እየተባባልን ኖርን።

ታዘበው ጅብ ከአህያዬ ላይ ያስጣለ ውሻ ነው። አንድ ጠዋት በርበሬ ስንለቅም ከመደቡ መሐል ዘፍ አለ። መንጋጋው ተገጠመ፣ ተኝቶ የሚሮጥ ይመስል አራት እግሩ ተራገጠ፣ አረፋ ደፈቀ፣ ሽንቱ አመለጠው።

«አብዷል! ራቅ አንተ ሰው!» አለች ሚስቴ ንግሥቴ፣ ቅርጫቷን ጥላ።

እኔ ግን አወቅሁት። ታናሽ ወንድሜን ባምላኩን የሚጥለው እንዲህ ነበር። ሠርግ ቤት ነው የሞተው፤ ወጥ ከሚሠራበት እሳት ላይ ወድቆ። ዳሱ ሙሉ ሰው ነበር። ሲጥለው የነካውን ሰው በሽታው ይይዘዋል ይባላልና አንድም እጅ አልተዘረጋም። እኔ ውኃ ልቀዳ ወርጄ ነበር። ስመለስ ሁሉም ዙሪያውን ቆሞ «ኧረ በሥላሴ!» ይላል። ከዚያ ወዲህ «ዘራቸው ነው» ተባልን። ንግሥቴንም ያገኘሁት ከቡሬ ማዶ ነው፤ ከቅርብ ልጁን የሚሰጠኝ ጠፍቶ። መውለድ ሳንችል ስንቀር «እሰይ፣ በሽታው እዚያው ይቁም» ያለችው ሀብትነሽ ናት፣ የይርሳው ሚስት። በጆሮዬ ነው የሰማኋት።

ማንኩሳ ወርጄ የከብት ሐኪሙን ጠየቅሁት።

«አረፋ ይደፍቃል?» አለኝ።

«ይደፍቃል። ግን አይናከስም፣ ውኃም ይጠጣል። የሚጥል በሽታ ነው።»

«ለውሻ?» ብሎ ሳቀ። «አባቴ፣ አረፋ የደፈቀ ውሻ አያሳድሩ። ያስመቱት።»

አላስመታሁትም። ከጓሮ አሰርኩት፣ ሰው እንዳያየው። እየቆየ ሲሄድ ባሰበት። በጣለው ቁጥር ንግሥቴ በሩቁ ቆማ ክብሪት ትወረውርልኛለች፤ እኔ ጭሬ ጢሱን ከአፍንጫው አስጠጋለሁ። ለባምላኩም እናታችን እንዲሁ ታደርግለት ነበር። ለባምላኩ አልሠራም፤ ለውሻውም አልሠራም። ከወደቀበት ሲነሳ ዓይኑ አያይም፤ ከግድግዳ ጋር ይላተማል፤ እኔንም አያውቀኝም፣ ይጮህብኛል። እጄን ዘርግቼ እጠብቃለሁ። ቆይቶ ያሸተኛል፤ ያኔ ጅራቱ ይነቃል።

ፍኖተ ሰላም ለሚጥል በሽታ ኪኒን ይሰጣሉ ሲባል ሰማሁ። ሄጄ «የሚጥለኝ እኔን ነው» አልኩ። ምን ልበል? ነርሷ ሲጥለኝ ያየ ሰው አምጣ አለችኝ። ንግሥቴን ሁለት ቀን ለምኜ ወሰድኳት።

«እናቴ፣ ሲጥላቸው ምን ይሆናሉ?»

«መጀመሪያ ያለቅሳል» አለች ንግሥቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ስባ። «ከዚያ ይወድቅና አራቱንም እግሩን...»

«አራቱንም?»

«እጁንም እግሩንም ማለቷ ነው» አልኩ።

«እርስዎ ዝም ይበሉ አባባ። ከዚያስ?»

«ከዚያ ሲነሳ አያውቀኝም። ይጮህብኛል።»

«ይህስ ሳይጥለውም ነው» አለች ሌላ ሴት ከአግዳሚው ላይ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ነርሷም ሳቀች። ካርድ አወጣችልኝ፣ ኪኒኑንም ሰጠችኝ።

በቢላ ለሁለት እየከፈልኩ በዳቦ ጠቅልዬ ማታ ማታ አጎርሰው ጀመር። መጀመሪያ ሰሞን የኋላ እግሩ እንደ ሰካራም ተወላገደ። ምግብ አልጠግብ አለ። ከዚያ መውደቁ ቀነሰ፤ ቆይቶም ተወው። ከጓሮ ፈታሁት። ንግሥቴ እንኳ አንድ ቀን ሳታየኝ ጀርባውን ስታሸው ደረስኩ። በዚያ ሰሞን፣ እውነት ለመናገር፣ ይርሳውንም ረስቼው ነበር።

ተራዬ ደርሶ የሚካኤልን ጽዋ የተቀበልኩት ያን ጊዜ ነው። በማኅበራችን ተራው የደረሰ ሰው ጽዋውን ቤቱ ያሳድራል፤ ወር ሲሞላ ደግሶ ማኅበርተኛውን ይጠራል፤ ሁሉም ከዚያው ከአንዱ ጽዋ ይጠጣል። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃው፣ እንግዲህ ማን ይሆናል? ይርሳው ነዋ።

ሀብትነሽ በርበሬ ልትሸጥ ፍኖተ ሰላም ወጥታ ከኪኒኑ ሰልፍ ላይ አየችኝ። «እንዴት ዋልክ፣ ደረሰ» አለችኝ በስሜ ጠርታ፤ ድምጿ ማር ማር ይላል። ያን ዕለት እኔ ከመድረሴ በፊት ወሬው ደረሰ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ አጠገቤ የሚቆም ጠፋ። ወፍጮ ቤት እህሌን የሚያሸክመኝ ጠፋ። ንግሥቴ ወንዝ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን ሳይሞሉ ይነሳሉ አለችኝ።

ለውሻ ነው እንዳልል፣ አረፋ የሚደፍቅ ውሻ ደብቄ መኖሬ ሊታወቅ ነው፤ ያን ቀን ያልቅለታል። ኪኒኑ ሲያልቅ ግን ሌላ ልወስድ አልሄድኩም። ድግሱ እስኪያልፍ ሰው ከዚያ ሰልፍ ላይ እንዳያየኝ፣ ወሬው እንዲበርድ ብዬ ነው። ታዘበው ድኗል፣ ትንሽ ቀን ምን ያደርገዋል አልኩ።

የሚካኤል ዕለት ጠላው ደርሶ፣ ዳቦው ተደፍቶ፣ ጎዝጉዘን ጠበቅን። ንግሥቴ ለዓመት በዓል የምታስቀምጠውን ነጭ ቀሚሷን ለበሰች። ታዘበውን ከጓሮ መልሼ አሰርኩት። ማኅበርተኛው መጣ፤ ግን ከደጄ ካለው ብሳና ሥር ቆመ እንጂ አልገባም። ይርሳው ብቻውን ከፊት መጣ፣ የወይራ ዱላውን ይዞ።

«ደረሰ ወንድሜ፣ ሰው ልኮኝ ነው» አለ።

«ሰው ሳይልክህ መቼ መጥተህ ታውቃለህ።»

«ነገር አታክርር። ጽዋው አንድ ነው፣ የሚጠጣው ብዙ ነው። ለዚያ ነገር ኪኒን ይወስዳል ተብሏል። እዚሁ ቆመህ ‹የሚጥል በሽታ የለብኝም፣ ሚካኤል ይታዘበኝ› በልና እንግባ። ጠላህም ሸቶናል።»

ከብሳናው ሥር አንዱ «ቶሎ በል ደረሰ፣ ሆዳችን ጮኸ!» አለ። ሳቁ። ደግ ሳቅ ነበር። ከባምላኩ ሞት ወዲህ እንዲያ ያለ ሳቅ ወደ እኔ አልመጣም።

እውነት ነው፤ በሽታ የለብኝም። ሐሰት የለበትም፣ ኃጢአት የለበትም። ልምል እጄን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አነሳሁ።

ያን ጊዜ ከጓሮ ልቅሶ ሰማሁ። ታዘበው በሰዉ ድምፅ ገመዱን በጥሶ ነው መሰለኝ፣ ከቤቱ ጥግ ብቅ አለና በእኔና በይርሳው መሐል ወደቀ። እንደዚያን ቀን ጥሎት አያውቅም። ጭንቅላቱ መሬቱን ይደበድባል፤ አረፋው ደም ነው።

«አብዷል!» አለ ይርሳው። «ጎበዝ፣ ዱላ! ውሻው አብዷል!»

ወንዶቹ ከብሳናው ሥር ሮጠው መጡ። እኔ በላዩ ተኛሁበት።

«ልቀቀው! አንተን ይበላሃል!»

«አላበደም!»

«አረፋውን አታይም እንዴ? ተነስ ደረሰ፣ ከነአንተ ነው የምመታው!»

ኪኒኑ የሱ ነው ብል እንደ ከብት ሐኪሙ «ለውሻ?» ብለው ይስቃሉ፤ እየሳቁም ይመቱታል። እነሱ የሚያውቁት ሁለት ነገር ነው፤ አረፋ የደፈቀ ውሻ እብድ ነው፣ የሚጥለውን ሰው የነካ ይይዘዋል። ሌላ አያውቁም። ዱላው ከጭንቅላቴ በላይ ተነስቷል።

«ከእኔ ነው የያዘው» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«ሲጥለኝ ፊቴን ይልሰኛል። ከእኔ ነው የያዘው። ሚካኤል ይታዘበኝ!»

በቀኑ፣ ጽዋው ቤቴ እያለ፣ በሐሰት ማልኩ። የተነሱት ዱላዎች ዝቅ አሉ። ሰዉ ወደ ኋላ ወደ ኋላ አለ፤ አንዱ የሌላውን እግር እየረገጠ። የይርሳው ዱላ ጫፉ አረፋውን ነክቶት ነበርና እዚያው ጥሎት ሄደ። ደህና የወይራ ዱላ ነው፤ አሁንም እኔ ዘንድ አለ።

«አላልኳችሁም?» ትላለች ሀብትነሽ ከብሳናው ሥር። «አላልኳችሁም?»

ታዘበው አልተነሳም። አንዱ ሳያልፍለት ሌላው ይጀምረዋል። ኪኒን የለም። ምን እንደማደርግ ጠፋኝ፤ ጭንቅላቱን ይዤ ብቻ «ባምላኩ፣ ባምላኩ» እል ነበር፣ ንግሥቴ ኋላ እንደነገረችኝ። እሷ መጣችና መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጭንቅላቱን ከእጄ ወስዳ ጭኗ ላይ አደረገችው።

«ሂድ። ካርድህን ይዘህ ሂድ።»

«ቀሚስሽ...»

«ማን ሊያየኝ ነው? ሂድ እንጂ!»

ሮጥኩ። ብሳናው ሥር ስደርስ ሰዉ ለሁለት ተከፈለና መንገድ ለቀቀልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ አገር መንገድ የተለቀቀልኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

እስከ ማንኩሳ በእግሬ፣ ከዚያ በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ገባሁ። ነርሷ ፊቴን አይታ ወንበር ሰጠችኝ።

«መድኃኒቱን አቋረጡ እንዴ አባባ? ነግሬዎት አልነበረም? ካቋረጡት ብሶ ነው የሚመጣው።»

«ብሶ መጣ እህቴ።»

«ሲጥልዎት አጠገብዎ ሰው ነበረ?»

«ሙሉ ማኅበር ነበረ» አልኳት።

ስመለስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ብሳናው ሥር ማንም የለም። ንግሥቴ እንደተውኳት ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ቀሚሷ ደምና ጭቃ ሆኗል።

«ጽዋውን ወሰዱት» አለች።

«ቤት ገቡ?»

«ማን ይገባል? አውጪና መሬት አስቀምጪው አሉኝ። ይርሳው በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ ያዘው፣ እጁ እንዳይነካው። ሌላ እስኪገዙ በጠበል ያጥቡታል አሉ። ከማኅበሩም...»

«ውሻውስ?»

«አለ።»

ከጠላው ጋን አጠገብ ቆሟል፤ በግንባሩ ጋኑን ይገፋል፣ ግድግዳ መስሎት። ማንም ያልቆረሰውን የማኅበር ዳቦ ቆረስኩና ኪኒኑን በውስጡ አደረግሁ። ስሞት ማን እንደሚቀብረኝ፣ ንግሥቴንስ ማን እንደሚቀብርልኝ፣ እያሰብኩ ቀረብኩት። ጥርሱን አሳየኝ። ጮኸብኝ። በርከክ አልኩና እጄን ዘረጋሁ።

«ተወው፣ ገና አላወቀህም» አለች ንግሥቴ።

«ያውቀኛል» አልኩ። እጄን ሳላንቀሳቅስ ጠበቅሁ።