መሀል ላይ የቆመችው ዘፋኝ

ቶርኪል ሙዚቃ መስማት ያቆመበትን ቀን ሚስቱ ቦዲል በደንብ ታስታውሳለች። ሸክላዎቹንና ሲዲዎቹን አንድ ሳያስቀር ወደ ኮምፒውተር አስገብቶ የጨረሰ ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው የሚያዳምጠው ገመድ ነው።

ሲጀመር ነገሩ ቀላል ይመስል ነበር። ኮምፒውተር በራሱ ድምፁ ይጎረብጣል ተባለና ፋይሉን ወደ ድምፅ የምትቀይር፣ የሲጋራ ፓኮ የምታክል ሳጥን ተገዛች። ሳጥኗ ከግድግዳው የምትወስደው ኤሌክትሪክ ቆሻሻ ነው ተባለና ኤሌክትሪኩን የምታጣራ ሌላ ሳጥን መጣች። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ያንሾካሹካል ተባለና ኮምፒውተሩ ራሱ መኝታ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከቦዲል የክረምት ካፖርቶች ጎን ታሰረ። ከዚያ እስከ ሳሎን የተዘረጋው ገመድ የአንድ ወር ጡረታ በላ። ገመዱ ምንጣፍ ከነካ ደግሞ ድምፁ ይደክማል ስለተባለ፣ ቶርኪል ከእንጨት ትንንሽ ድልድዮች ጠርቦ ገመዱን ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ አስኬደው። ቦዲልም በገዛ ቤቷ እንደ ሽመላ እግሯን እያነሳች መራመድ ለመደች።

ሶፋው ድምፅ ይውጣል ተብሎ ወጣ። አበቦቹ ወጡ። በመጨረሻ ተራው የፒያኖው ሆነ።

ፒያኖው ቡናማ፣ ጠርዙ የተፋቀ አሮጌ ዕቃ ነው። ቦዲል ሆርሰንስ ከተማ በሕፃናት መዋያ ተቀጥራ ሦስት ዓመት አጠራቅማ የገዛችው ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ለልጆቹ የምታስተምረውን መዝሙር በሱ ተለማምዳለች፤ ጡረታ ከወጣች ወዲህም በየጠዋቱ ግማሽ ሰዓት ካልተጫወተች ቀኑ የጀመረ አይመስላትም።

«ክሮቹ ይንቀጠቀጣሉ» አላት ቶርኪል። «ስፒከሮቹ ሲዘፍኑ ፒያኖው ከሥር ያጉረመርማል። ድምፁን ያቆሽሸዋል።»

«ይኼን ሁሉ ዓመት ሲያጉረመርም የት ነበርክ?»

«ያኔ መሣሪያዬ ጥሩ አልነበረማ!»

«እኔም እኮ አጉረመርማለሁ። እኔንስ መቼ ነው የምታወጣኝ?»

«ቦዲልዬ፣ ቀልድ አይደለም።»

በእርግጥም ቀልድ አልነበረም። ቬይለ ከተማ ያለ አንድ ሰው ሰኞ ጠዋት ተጎታች ይዞ መጥቶ ፒያኖውን በነፃ ሊወስድ ተስማምቷል። ቦዲል ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቀች፤ በመጨረሻ ዳኝነቱ ቶርኪል አባል ለሆነበት ለመልካም ድምፅ ማኅበር ይሰጥ በሚለው ተስማሙ። ማኅበሩ ቅዳሜ መጥቶ ያዳምጣል፤ ፒያኖው ድምፅ ያበላሻል ካለ ይወጣል፣ አያበላሽም ካለ ይቀራል። ቦዲል ቃል ገባች። ቃሏን የምታጥፍ ሴት ደግሞ አይደለችም፤ ቶርኪልም ይህን ያውቃል።

የማኅበሩ ሰዎች እስከ ዛሬ በሸክላ የሚምሉ ናቸው። የቶርኪልን ኮምፒውተር «የጽሕፈት መኪናው» እያሉ ያሾፉበታል። ጥብቅ ደንብም አላቸው፦ ሲያዳምጡ ባለቤቱ ጥግ ይቀመጣል፣ ዕቃ አይነካም፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ግማሽ ደቂቃ ዝም ይባላል፤ ከዚያ መጀመሪያ ሊቀመንበሩ ይናገራል፣ ሌላው በአባልነት ዘመኑ ተራ ይከተላል። ማኅበሩ በኖረባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት ሊቀመንበሩ ያላለውን የሰማ አባል የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ቶርኪል ቢራ ሊገዛ ወጣ። የስፒከሮቹ ማጉያ እንዲሞቅ ከሐሙስ ጀምሮ በርቷል። ቦዲል ሳሎኑን ስትወለውል የአትክልተኞችን የሬዲዮ ፕሮግራም መስማት አማራት፤ በትልልቆቹ ስፒከሮች ወሬ ማሰማት ግን ክልክል ነው፣ ያባልጋቸዋል ይላል ባሏ። እሷ ደግሞ ከሱፐርማርኬት ከድንችና ከባሮ ሽንኩርት ጋር በመቶ አርባ ዘጠኝ ክሮነር የገዛቻት፣ ገመድ የሌላት፣ ጭብጥ የምታክል ቀይ ስፒከር አለቻት። ቁም ሳጥኑን ከፍታ ኮምፒውተሩ ድምፁን ወደ ቀይዋ እንዲልክ አዘዘችው። ቀይዋን በሁለቱ ትልልቅ ስፒከሮች መካከል ካለው አጭር መደርደሪያ ላይ አስቀመጠቻትና ስለ ቱሊፕ እየሰማች ወለወለች። ፕሮግራሙ ሊያልቅ ሲል ምድጃው ጮኸ፤ ኬኩ እንዳያር ወደ ኩሽና ሮጠች። ድምፁን ወደ ትልልቆቹ መመለሱን በዚያው ረሳችው።

ስምንት ሰዓት ላይ እንግዶቹ መጡ፦ ሊቀመንበሩ ፕሬበን፣ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም፤ ገንዘብ ያዡ ኤጎን፤ እና ራሱን ከመነቅነቅ በቀር ሲናገር ማንም ሰምቶት የማያውቀው ቪሊ። ጫማቸውን ኮሪደር ላይ አወለቁና ሦስቱ ወንበሮች ላይ ተደረደሩ፤ ፕሬበን መሀል።

ቶርኪል ጥጉ ላይ ሆኖ ኮምፒውተሩን የሚያዝበትን ስልኩን ነካ። አንዲት ሴት፣ በፒያኖና ኮንትራባስ በሚሉት ትልቅ የባስ መሣሪያ ታጅባ፣ ስለ ዝናብ መዝፈን ጀመረች። ቦዲል ኬኩን ይዛ በሩ ላይ እንደደረሰች ደርቃ ቀረች። የቀይዋ ስፒከር ሰማያዊ መብራት ቦግ እልም ይላል። ሁለቱ ትልልቅ ስፒከሮች ጭጭ ብለዋል።

አሁን ይነቃሉ ብላ ጠበቀች። ማን ሊነቃ! ሦስቱም ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ቶርኪል ደግሞ የሚያዳምጠው የፕሬበንን ቅንድብ ነበር።

ዘፈኑ አለቀ። ግማሽ ደቂቃው አለፈ። ፕሬበን ቀስ ብሎ ዓይኑን ገለጠ።

«ዘፋኟ» አለ፣ «ልክ መሀል ላይ ነው የቆመችው። ወደ ግራ የለ፣ ወደ ቀኝ የለ። ስፒከሮቹ ጠፉ! ከስፒከሮቹ ድምፅ የሚወጣ አይመስልም።»

«እኔ ቁመቷን ልነግርህ እችላለሁ» አለ ኤጎን። «ባሱም ጨዋ ነው፤ አይንጎራደድብህም።»

ቪሊ ራሱን ነቀነቀ።

ቦዲል ሳቋ አፍንጫዋ ድረስ መጣ። ልትናገር አፏን ስትከፍት ግን ዓይኗ ባሏ ላይ አረፈ። ቶርኪል ፊቱ በርቷል፤ ጆሮው ሳይቀር ቀልቷል። በጽሕፈት መኪና ሲያሾፉበት የኖሩ ሰዎች ፊቱ ቁጭ ብለው እያደነቁት ነው። አንጀቷን በላት። ሲሄዱ ለብቻው እነግረዋለሁ ብላ ኬኩን መቁረስ ጀመረች።

«ግን...» አለ ፕሬበን።

ቢላዋዋ ቆመች።

«ከሥር አንድ ጭጋግ አለ። የሆነ ማጉረምረም።» አገጩን ወደ ፒያኖው ቀሰረ።

«እኔም ልል ነበር» አለ ኤጎን። «ጭጋግ። በጣም ጭጋግ።»

ወዲያው ተነሥተው ገመዱን ከነድልድዩ ገለል አደረጉና ፒያኖውን በጎማው እየገፉ አወጡት። ኮሪደሩ ጠባብ ስለሆነ ከውጭው በር ጋር አጣብቀው አቆሙት። ተመልሰው ተቀመጡ፤ ቶርኪል ያንኑ ዘፈን ደገመው። ቀይዋ እንደ ቀድሞዋ ዘፈነች።

«መጋረጃ ተገፈፈ!» አለ ፕሬበን። «ይኼኮ ሌላ ቤት ነው።»

«ዝናቡን ሳይቀር ሰማሁት» አለ ኤጎን።

«እንግዲህ ፍርዱ ግልጽ ነው። ፒያኖው ይውጣ።»

ቶርኪል ቦዲልን ሳያያት፣ ወደ ምንጣፉ አቀርቅሮ «ቃል ገብተሻል» አላት።

ቦዲል በሕይወቷ እንዲህ ተናዳ አታውቅም። ስለ ፒያኖው ብቻ አይደለም። ሲናገር ዓይኗን ለማየት እንኳ አለመድፈሩ ነው ያንገበገባት።

«ገብቻለሁ» አለች። «ግን አንድ ጊዜ እኔም ልስማው፤ ያለ ፒያኖ።»

ፕሬበን ድል እንዳደረገ ሰው ደግ ሆነና የመሀሉን ወንበር ለቀቀላት። ዘፈኑ ለሦስተኛ ጊዜ ተጀመረ። ቦዲል እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጥቂት አዳመጠች። ከዚያ ተነሣች።

«ይቅርታ፣ ይቺን ለኩሽና እፈልጋታለሁ» አለችና ቀይዋን ከመደርደሪያው አንሥታ ሄደች።

ዘፋኟ አብራት ሄደች። በቪሊ ጉልበት አጠገብ አለፈች፣ በኤጎን ጆሮ ሥር አለፈች፣ የገመዱን ድልድይ ተሻገረች፣ ኩሽና ገብታ ከዕቃ ማጠቢያው ጎን ስለ ዝናቡ መዝፈኗን ቀጠለች። ሳሎን ውስጥ የሳጥኖቹ መብራት ብቻ ቀረ።

ማንም አልተናገረም። ደንቡ ነው፤ ሊቀመንበሩ ይቀድማል። ሊቀመንበሩ ግን ግማሽ ደቂቃው አልፎም ትንፍሽ አላለም።

በመጨረሻ ቪሊ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ኩሽና ውስጥ ናት» አለ።

ፕሬበን ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ውይ፣ ሚስቴ ትጠብቀኛለች!» ኤጎንም የሚጠብቀው ሰው እንዳለ ትዝ አለው። እግሬ አውጪኝ ብለው ወደ ኮሪደሩ ተንደረደሩ፤ እዚያ ግን ፒያኖው በሩን ዘግቶ ቆሟል። ጫማቸው ከፒያኖው ወዲያ ነው። በካልሲ ቆመው ተያዩ።

ቦዲል የኬክ ቢላዋዋን እንደያዘች ከኩሽና ብቅ አለች።

«ወደ ቦታው ከመለሳችሁት በሩ ይከፈታል።»

ገፉ። ሦስቱም፣ ቶርኪልም አራተኛ ሆኖ፣ ላብ እስኪያጠምቃቸው ገፉ።

«ትንሽ ወደ ግራ» ትላለች ቦዲል። «ኤጎን፣ ገመዱን ተጠንቀቅ። አይ፣ ተወው፣ ርገጠው።»

እንግዶቹ ኬክ ሳይቀምሱ ወጡ። ቶርኪል ወንበር ጫፍ ላይ ቁጭ አለ፤ ቅስሙ ተሰብሯል። ቦዲል ልትቆጣው ብዙ አዘጋጅታ ነበር፤ ስታየው ግን ቁጣው ከየት ይምጣ። ፒያኖዋ ፊት ተቀመጠችና የልጆቹን አንድ አሮጌ መዝሙር ጀመረች።

«ቆዪ» አለ ቶርኪል ቀና ብሎ። «አንዷ ኖታ ወርዳለች።»

«የትኛዋ?»

ተነሥቶ መጣና ጣቱን ዘርግቶ አንዲት ነጭ ቁልፍ ተጫነ። እውነቱን ነው፤ ድምፅዋ ወርዷል።

«ከገና ጀምሮ መቃኛ ሰው ጥራልኝ እያልኩህ ነው» አለች ቦዲል። «ገመዱን ከፍለን እንጨርስ አልክ።»

ቶርኪል ቁልፏን ደግሞ ተጫናት፤ ሰማት። ደግሞ ተጫናት። ከዚያ ስልኩን አንሥቶ ቬይለ ደወለ።

«ሰኞ ለፒያኖው እንዳትመጣ» አለ። የሚስቱን ፊት በደንብ አየ። «ተጎታቹን ግን ይዘህ ና። ስድስት ሜትር ገመድ አለ፤ ከነድልድዩ።»