ኮከብ የተደረገባቸው መኪኖች

ማስታወቂያውን የለጠፉት ሐሙስ ጠዋት፣ ሠራተኛው በሚገባበት ሰዓት ነው፤ ማንም ሳያነበው እንዳያልፍ የፊርማ መዝገቡ ከሚቀመጥበት ጠረጴዛ በላይ። «የሚዛን ሠራተኛ የሆኑት አቶ ወልደሰንበት፣ ሚዛኑን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘውን ገመድ ሆን ብለው እየነቀሉ የመቶ ሰባት መኪኖችን ክብደት በእጃቸው ያስገቡ ስለሆነ፣ በኪራይ ሰብሳቢነት ተጠርጥረው ከሥራ ታግደዋል።» ከግርጌው ክብ ማኅተም አለበት። ልጃቸው ሶሊያና ማሸጊያ ክፍል ነው የምትሠራው። ከፊቴ ቆማ ስታነበው አየኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ፈረመች፤ ሳታለቅስ ገባች።

እኔ ግን ተናደድኩ። እስከ ዛሬም አልበረደልኝም።

ጊዜው 2004 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው ቃሊቲ፣ ዱቄት ፋብሪካ። ጋሽ ወልደሰንበት የመኪና ሚዛኑ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። እኔ የላቦራቶሪ ቴክኒሽያን ነኝ። ስንዴ ጭኖ ከሚገባ መኪና ሁሉ ናሙና የምወስደው መኪናው ሚዛን ላይ እንደቆመ ስለሆነ፣ የቀኑን ግማሽ እሳቸው ጋ ነው የማሳልፈው። በእያንዳንዱ የናሙና ከረጢት ላይ ታርጋውን፣ ሰዓቱንና የሚዛኑ ማሳያ ላይ የሚበራውን ክብደት እጽፋለሁ። ያዘዘኝ የለም። ቁጥር የሌለው ናሙና ጥራጊ ነው ተብዬ ነው የተማርኩት።

የነገሩ መነሻ ከሁለት ወር በፊት ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚዛን ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተር ተቃጠለ። የመመዘኛው ፕሮግራም ደግሞ በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ላይ ካልሆነ አይሠራም። መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግነው ነቢል ተጠራ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀልድ አያልቅበትም።

«አሮጌው ሞቷል» አለ፣ ዲስኩን ፈትቶ እያወጣ። «ግን ኢሙሌተር የሚባል ነገር አለ። አዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ ቁጭ ብሎ አሮጌ ኮምፒውተር ነኝ ይላል። እንደ ጂኒ በሉት። ፕሮግራማችሁ ተታልሎ ይሠራል።»

እንዳለውም ሠራ። አዲሱ ኮምፒውተር ባለ ዘጠኝ እግሩ ሲሪያል ፖርት ስለሌለው፣ ከሚዛኑ የሚመጣውን ገመድ በትንሽ አስማሚ ዩኤስቢው ላይ ሰካው። መጀመሪያ ምንም አልመጣም። ፕሮግራሙ የሚያውቀው አንደኛውን ፖርት ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን አስማሚውን አምስተኛ ብሎ መዝግቦታል። ነቢል ኢሙሌተሩን አምስተኛውን አንደኛ ብሎ እንዲጠራው አደረገና ክብደት መጣ። አጨበጨብን። ያን ቀን የተመዘነው መኪና ክብደቱ 36,960 ኪሎ ነበር። ይህን ቁጥር በኋላ ነው የረገምኩት።

ከማግስቱ ጀምሮ የአብዛኛው መኪና ክብደት አልመጣ አለ። ማሳያው ላይ ክብደቱ ይበራል፤ ኮምፒውተሩ ግን ባዶ ነው። እንዲህ ሲሆን ፕሮግራሙ ክብደቱን በእጅ ለማስገባት ይፈቅድና መዝገቡ ላይ አጠገቡ ኮከብ ያደርግበታል። ጋሽ ወልደሰንበት ሦስት ጊዜ ይሞክራሉ፣ ከዚያ ማሳያውን ሁለቴ አይተው በአንድ ጣት ይጽፋሉ።

«አንዳንዱን መኪና ይወደዋል፤ አንዳንዱን ዓይንህን ላፈር ይለዋል» ይሉ ነበር።

ለአስተዳደር ሦስት ጊዜ በቃል፣ አንድ ጊዜ በደብዳቤ አመለከቱ። ማንም አልመጣም። የሁለት ወሩ ሪፖርት ወጥቶ ከመቶ አሥራ ስምንት መኪኖች መቶ ሰባቱ ኮከብ እንዳለባቸው ሲታይ ግን ሁሉም መጣ። ነቢልን ጠሩት። ገመዱን ከሚዛኑ ነቅሎ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እግር በሽቦ አገናኘ፤ ኮምፒውተሩ የላከው ለራሱ እንዲመለስ ማለት ነው። ፊደል ጻፈ፣ ፊደሉ ተመለሰ። ቁጥር ጻፈ፣ ቁጥሩ ተመለሰ። «መስመሩ ጤነኛ ነው» ብሎ ጽፎ፣ የሱቁን ማኅተም መትቶ ሰጣቸው። ለምን እንደፈለጉት አልጠየቀም።

ሐሙስ ከሰዓት ግምገማ ተጠራ። የአጣሪ ኮሚቴው ሰብሳቢ የአስተዳደር ኃላፊው አቶ ተስፋሚካኤል ናቸው፤ ወፍራም፣ ለስላሳ ድምፅ ያላቸው ሰው።

«ጋሽ ወልደሰንበት፣ እዚህ ያለነው ልንጎዳዎ አይደለም» አሉ። «ሁሉም ኮከብ ቢኖርበት ብልሽት ነው እንል ነበር። አሥራ አንዱን ግን ማሽኑ ራሱ ተቀብሏል። ባለሙያውም ጤነኛ ነው ብሏል። ማሽን መኪና አይመርጥም። የሚመርጥ ሰው ነው።»

«እኔ አልነቀልኩም» አሉ ጋሽ ወልደሰንበት።

«ግለ ሂስ ቢያደርጉ ይቀልዎታል። ወረቀቱን አዘጋጅተናል። ነገ ስምንት ሰዓት ይፈርማሉ፤ በጡረታ በሰላም ይሸኛሉ። አልፈርምም ካሉ ጉዳዩ ወደ ፖሊስ ይሄዳል። ማረሚያ ቤቱ ደግሞ ሩቅ አይደለም።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እጄን አወጣሁ።

«የናሙና ከረጢቶቼ ላይ የማሳያው ክብደት ተጽፏል። ሁሉንም ከሚዛን ቤቱ መዝገብ ጋር አመሳክሬያለሁ። በእጅ የገባው ከማሳያው በአንድም መኪና አይለይም።»

«እህቴ ዕፀገነት፣ አንቺና እሳቸው በአንድ ለአምስት አንድ ቡድን ናችሁ» አሉ አቶ ተስፋሚካኤል። «ምስክርነትሽን በዚያ ዓይን ነው የምናየው።»

«እንግዲያው የኮሚቴውን የመኪኖች ዝርዝር ስጡኝ። የእናንተን ራሱን።»

ሰጡኝ። የሚጎዳቸው አልመሰላቸውም።

ስንወጣ ጋሽ ወልደሰንበት በሩ ላይ ቆሙ። «ብፈርምስ ይሻል ይሆን ልጄ? ሶሊያና እዚሁ ነው የምትሠራው።»

«እስከ ነገ ስምንት ሰዓት እንዳይፈርሙ» አልኳቸው። የተናገርኩት በቁጣ ስለነበር ደነገጡ።

ዓርብ አንድ ሰዓት ላይ ላቦራቶሪ ገብቼ ዝርዝሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ናሙና እንደምለየው ለየሁት፤ ኮከብ የሌለባቸውን አሥራ አንዱን በግራ፣ መቶ ሰባቱን በቀኝ። በታርጋ አየሁ፤ አንዱ መኪና አንድ ቀን ያለ ኮከብ፣ ሌላ ቀን ከነኮከቡ አለ። በሾፌር፣ በአቅራቢ፣ በሰዓት፣ በዝናብ ቀን አየሁ። ምንም የለም። የቀረኝ ክብደቱ ብቻ ነው። ሚዛናችን በሃያ በሃያ ኪሎ ስለሚዘል የክብደት መጨረሻ 00፣ 20፣ 40፣ 60 ወይም 80 ነው። የግራዎቹን አነበብኩ። 39,560። 35,300። 30,660። 36,960። ከአሥራ አንዱ አንዱም በ20፣ በ40 ወይም በ80 አያልቅም።

እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ተነሣሁ፤ እጄን ታጥቤ ተመለስኩ። ከዜሮ እስከ ዘጠኝ በአንድ መስመር ጻፍኩና በግራ ካሉት ክብደቶች ውስጥ አንድም ቦታ የሌለውን ቁጥር ሰረዝኩ። 1፣ 2፣ 4፣ 7፣ 8 ተሰረዙ። 0፣ 3፣ 5፣ 6፣ 9 ቀሩ። ከዚያ ወደ ቀኝ ዞርኩ። ከመቶ ሰባቱ እያንዳንዱ ላይ ከተሰረዙት ቢያንስ አንዱ አለ። መቶ ሰባቱንም አየሁ። አንድም የሚያፈነግጥ የለም።

ማስረጃው የተኛው እነሱ በማኅተም አስረው ሰው ሊያሳስሩበት ባዘጋጁት ዝርዝር ውስጥ ነበር። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቢያነበው ኖሮ! ጥርሴን ነክሼ ነቢል ሱቅ ሄድኩ።

«አንተ! በወረቀትህ ሽማግሌ ሊያሳስሩበት ነው፤ ታውቃለህ?»

«የቱ ወረቀት?» አለ፤ ነገርኩት። ቀልዱ ከፊቱ ጠፋ። ዝርዝሩን አሳየሁት። አምስቱን ቁጥሮች ሲያይ ካርቶን ቀድዶ አሥሩንም ቁጥሮች በአንድና በዜሮ ጻፋቸው፤ በሽቦው የሚሄዱት እንደዚያ ነው። የእያንዳንዱን አንዶች ቆጠረ።

«ወላሂ እኔ ደደብ ነኝ» አለ።

እንዲህ አስረዳኝ። ሚዛኑ እያንዳንዱን ቁጥር የሚልከው በሰባት ምልክት ነው። ስምንተኛው ማረጋገጫ ነው፤ የአንዶቹ ብዛት ሁልጊዜ ተጋማሽ እንዲሆን የሚጨመር። በ0፣ 3፣ 5፣ 6 እና 9 ውስጥ የአንዶቹ ብዛት ቀድሞውንም ተጋማሽ ነው፤ ስለዚህ ስምንተኛው ባዶ ይሆናል። በቀሩት ውስጥ ግን አንድ ይጨመራል። ኢሙሌተሩ ስምንተኛው ማረጋገጫ መሆኑ ስላልተነገረው የቁጥሩ አካል አድርጎ ያነበዋል፤ ያኔ ለምሳሌ 7፣ 7 መሆኑ ይቀርና ፕሮግራሙ የማያውቀው ሌላ ምልክት ይሆናል። ፕሮግራሙም ክብደቱን እንዳለ ይጥለዋል። በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ይህን የሚናገር አንድ መስመር ሲነሣ በሚያነበው ፋይል ውስጥ ነበር። ኢሙሌተሩ ያን ፋይል አያነብም።

«ታዲያ ስትፈትሸው ለምን ሁሉም ተመለሰ?»

«ራሱ ልኮ ራሱ ሲቀበል ምን አለመግባባት አለ? ራሱን ነው ያዋራሁት።» ላፕቶፑን አነሣ። «ነይ እንሂድ።»

ስምንት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ሚዛን ቤት እንዲመጣ አደረግኩ። ከሐሙስ ጀምሮ የመመዘን ፈቃድ ያለው ሌላ ሰው ስላልነበረ ስድስት ተሳቢ እስከ ዋናው መንገድ ተሰልፏል፤ ሾፌሮቹ ይሰድቡናል። ጋሽ ወልደሰንበት ውጭ አግዳሚው ላይ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። አቶ ተስፋሚካኤል የግለ ሂሱን ወረቀት ይዘዋል።

ነቢል አዲስ ማስረጃ ጽፎ ማኅተም መትቶበት ነበር። አቶ ተስፋሚካኤል ጨርሰው አላነበቡትም። «ከአንድ ሱቅ ሁለት የሚቃረን ወረቀት! የትኛውን ልመን?»

«ወረቀት አይመኑ» አልኩ። «ገመዱን ይያዙ። መሰኪያውን በእጅዎ ይያዙት፤ ማንም እንዳይነካው።»

ያዙት። የመጀመሪያው መኪና ሚዛኑ ላይ ወጣ። ማሳያው 37,420 አለ።

«አይመጣም» አልኩ። ሦስት ጊዜ ተሞከረ። አልመጣም። ሁለተኛው 33,180። «አይመጣም።» አልመጣም። ሦስተኛው ቆመ፤ 35,960።

«ይመጣል።»

መጣ፤ ያለ ኮከብ።

«አጋጣሚ ነው» አሉ አቶ ተስፋሚካኤል።

መኪናው እዚያው እንዲቆም ለሾፌሩ ምልክት ሰጠሁ። «መሰኪያውን ለጥበቃው ለቀጀላ ይስጡትና እርስዎ ሚዛኑ ላይ ይውጡ።»

«እኔ?»

«ማሽን መኪና አይመርጥም ብለዋል። እርስዎን ይመርጥ እንደሆነ እንይ።»

ሾፌሮቹ ከኋላ «ውጣ! ውጣ!» ማለት ጀመሩ። ወረቀቱን እንደያዙ ወጥተው ከመኪናው ጎማ አጠገብ ቆሙ። ማሳያው ዘልሎ 36,040 ላይ ረጋ። ነቢል ቁልፉን ተጫነ። ባዶ። ደግሞ ተጫነ። ባዶ።

«ይውረዱ» አልኩ። ወረዱ። 35,960። መጣ። «ይውጡ።» ወጡ። ባዶ። አራት ጊዜ አወጣኋቸው፤ ሁለት ጊዜ ለማስረጃ፣ ሁለት ጊዜ ለሶሊያና። ቀጀላ መሰኪያውን በሁለት እጁ ይዞ ይስቅ ነበር። ኮሚቴው አልሳቀም።

«ጥሩ» አሉ አቶ ተስፋሚካኤል በመጨረሻ፣ ላባቸውን እየጠረጉ። «ችግሩ የቴክኒክ ነው ማለት ነው። ጋሽ ወልደሰንበት ወደ ሥራዎ ይመለሱ። የግለ ሂሷን ወረቀት ደግሞ ሌላውን ትተን ‹ቸልተኝነት› ብለን…»

«ቸልተኝነት?» ብዬ ጮህኩ። «አራት ጊዜ ያመለከቱ ሰው? ደብዳቤያቸው የማን መሳቢያ ውስጥ ነው?»

 ጋሽ ወልደሰንበት ገቡበት፤ ከአግዳሚው ሳይነሡ።

«አቶ ተስፋሚካኤል፣ በማኅተም ሌባ አላችሁኝ፤ በማኅተም ንጹሕ በሉኝ። እዚያው ሰሌዳ ላይ። እስከዚያ አልመዝንም።»

«መኪናው ተሰልፏል እኮ!»

«አየሁት።»

ነቢል ያቺን አንድ መስመር ኢሙሌተሩ ውስጥ ለማስገባት አሥር ደቂቃ ፈጀበት። ጋሽ ወልደሰንበት የጠየቋት ወረቀት ግን አንድ ሰዓት ከሃያ ፈጀች። መጀመሪያ ያመጡት «በተፈጠረው አለመግባባት» ይላል፤ መለስኩት። ሁለተኛው ማኅተም የለውም፤ መለስኩት። ሾፌሮቹ ክላክስ ይነፋሉ፤ ወፍጮው ስንዴ ሊያልቅበት ነው። ሦስተኛው «አቶ ወልደሰንበት ገመድ አልነቀሉም፤ ኮሚቴው ሳያጣራ ወንጅሏቸዋል» ይላል፤ ማኅተሙም ሙሉ ነው።

አቶ ተስፋሚካኤል ራሳቸው ለጠፉት። የድሮውን ሊገነጥሉ ሲሉ ጋሽ ወልደሰንበት ክንዳቸውን ያዙ።

«ተወው። ያኛውን ያነበበ ይኼንንም እዚያው ያንብበው።»

ይቅርታ ያለ ሰው አልነበረም። ግለ ሂሱን አቶ ተስፋሚካኤል አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ ቅደዱት ብል እምቢ አሉ፤ እስከ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ጋሽ ወልደሰንበት ሚዛን ቤት ገብተው መነጽራቸውን አደረጉና መኪኖቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ ደግመው ጠሩ። ባለ 37,420ው ወጣ። ቁልፉን በአንድ ጣት ተጫኑ። መጣ። አላመኑትም፤ ማሳያውን ሁለቴ አዩት።

እኔም ከረጢቴ ላይ ጻፍኩ፦ ታርጋ፣ ሰዓት፣ ክብደት።