ተማሪ የጠፋበት መምህር

አዲሱ ክልል ገና ቢሮዎቹን በቀርከሃ እያጠረ ሳለ የመምህራን ማሰልጠኛው አመልካቾችን ጠራ። ጥሩ ውጤት ብቻ አይበቃም፤ አመልካቹ በሰፈሩ ሰው ማስተማሩም ይታያል ተባለ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉ ጁምዓ ውጤቱ ደህና ነበር፤ ያስተማረው ሰው ግን አልነበረም። መምህር ካልሆነ የሚጠብቀው ከአጎቱ ጋር አህያ እየነዱ ለንግድ ወደ ድንበር ከተማዋ ወደ ኩርሙክ መመላለስ ነው፤ አህያዋ ደግሞ አትወደውም።

ስለዚህ በቀርከሃ በታጠረው ግቢያቸው ማንጎ ሥር ጥቁር ሰሌዳ አቆመና ወደ ኻልቲው፣ ወደ እናቱ እህት ወደ አማል ሄደ።

«ኻልቲ፣ ፊደል ላስተምራችሁ። ጎረቤቶችዎንም ይጥሩልኝ።»

አማል ከላይ እስከ ታች አየችው። «የቸገረው ማን ነው፣ እኛ ወይስ አንተ?»

ጁምዓ የማሰልጠኛውን ነገር ነገራት።

«እንግዲያው እኛ ተቀምጠን ስንማር ውኃውን ማን ይቀዳል?»

ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ልጃገረዶች ጁምዓ ጀሪካን ተሸክሞ ሲመለስ ለማየት መንገድ ዳር ይቆሙ ጀመር። ሴቶቹ ጥላው ሥር ከርከዴ እየጠጡ ሰው ያማሉ። እሱ ሲደርስ፣ «መምህር ደክሞታል፤ ነገ እንማራለን» ይላሉ። በማግሥቱ ደግሞ እንጨት ያልቃል።

አንድ ቀን አቶ ዲሳሳ የሚባሉ ሽማግሌ መምህር ከማሰልጠኛው ሳይታሰብ መጡ። ሴቶቹ ለጁምዓ አዘኑለትና ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«ምን ተማራችሁ?» አሉ አቶ ዲሳሳ።

አማል ወደ ሰሌዳው ጠቆመች። «ሀ።»

«ከዚያስ?»

«አልቸኮልንም።»

አቶ ዲሳሳ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «በል፣ እያየሁ አስተምር» አሉት።

ጁምዓ «ሁ» ብሎ ጻፈ።

«ይቺ እጇን ወገቧ ላይ የጫነችው፣» አለች አማል፣ «የቡሴ ሚስት ናት። ባሏ ሲያመሽ እንዲህ ነው በር ላይ የምትጠብቀው።»

የቡሴ ሚስት ራሷ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ጁምዓ አፉን በከፈተ ቁጥር አማል ሌላ ትጨምራለች። አቶ ዲሳሳ ባርኔጣቸውን አንሥተው ሊሄዱ ተነሡ። ጁምዓ አህያዋ ስትጠብቀው ታየችው።

«ኻልቲ አማል፣ ይውጡ።»

ሳቁ ቀጥ አለ። በዚያ ሰፈር ማንም አዝላ ያሳደገችውን አክስቱን ውጪ ብሎ አያውቅም።

«እኔን?»

«ዝም ብለው መማር ሲችሉ ይመለሳሉ።»

አማል የተከናነበችውን ቶቧን ሰብስባ ወጣች። የቀሩት ሴቶች ተጠጋግተው ተቀመጡ። ሂ አለ፤ ሂ አሉ። ሃ አለ፤ ሃ አሉ። ከሁሉም ጎልቶ የሚሰማው ድምፅ ግን ከአጥሩ ውጪ የሚመጣው ነበር።

አቶ ዲሳሳ እስከ መጨረሻው ቆዩ። «አክስቱን ያስወጣ ሰው ስልሳ ልጅ አያቅተውም» ብለው ምስክርነቱን ፈረሙለት። ጁምዓ በደስታ ሊሸኛቸው ሲነሣ፣ ከቀርከሃው ጀርባ፣

«መምህር፣ ያችን የመጨረሻዋን ድገማት፤ አልያዝኳትም» የሚል ድምፅ መጣ።

ጁምዓ ጠመኔውን አነሣ። አቶ ዲሳሳ ሸኚ ሳያገኙ ብቻቸውን ሄዱ።