የሕያው ሰው ፍትሐት

ምንዳዬ ጎንደር የመጣው ዓይኑን ሊያድን ነው፤ ሌላ ነገር ሊሰማ አልነበረም። የዓይኑ ቆቦች ወደ ውስጥ ተቀልብሰው ሽፋሽፍቱ ብሌኑን እንደ እሾህ መውጋት ከጀመረ ሦስት ዓመት አልፎታል። በጃናሞራ ይህ ብርቅ አይደለም፤ የዓይን ማዝ ይሉታል፣ ከልጅነት ጀምሮ ቀስ እያለ የሚሠራ በሽታ ነው። ሚስቱ የትነበርሽ በየእሑዱ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አስደግፋ፣ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙራ፣ ወደ ውስጥ የገባውን ፀጉር በወረንጦ አንድ በአንድ ትነቅልለታለች። የተነቀለው ግን ተመልሶ ይበቅላል፤ ሲበቅልም አጭርና ጠንካራ ሆኖ ነው። ዘንድሮ በሬ ጠምዶ ትልሙ ጠፋበት። ገበሬ ትልሙ ከጠፋበት ምን ቀረው?

የትዳራቸው ፍሬ አንዲት ልጅ ናት፤ ብርቄ ትባላለች፣ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከባሕር ማዶ ያሉ የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ምእመናን አዋጥተው የድኻ ልጅ ያስተምራሉ፣ በየገጠሩም ውኃ እያወጡና ፊት መታጠብን እያስለመዱ የዓይን ማዝን ይከላከላሉ። ብርቄ በአሥር ዓመቷ በእነሱ መዝገብ ገብታ ጎንደር ወረደች። እዚያው አድራ ትማራለች፣ ክረምት ክረምት ወደ አገሯ ትወጣለች። አሁን አሥረኛ ክፍል ናት፤ ሐኪም ነው የምሆነው ትላለች። ምንዳዬ ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል፤ ወንድ ልጅ በደስታ አለቀሰ እንዳይባል ነው።

በነዚህ ስድስት ዓመታት ምንዳዬ የድርጅቱን ግቢ ረግጦ አያውቅም። በያመቱ የወላጅ ስብሰባ ሲጠራ የምትሄደው የትነበርሽ ነበረች። «የእናቶች ነው፤ ወንድ አይጠሩም» ትለዋለች። አመናት። ሰው ሚስቱን ካላመነ ማንን ሊያምን ነው?

ዘንድሮ ግን ምእመናኑ ራሳቸው መጡ። ወደ ደጋው የሚያወጣው መንገድ ስላላመቸ ቤተሰቡ ሁሉ ወደ ጎንደር ይውረድ ተባለ። ከተመዘገቡት ልጆች ቤተሰብ ዓይኑ የታመመ ካለ በዚያው በቀዶ ሕክምና ይታከማል የሚል ወሬም መካነ ብርሃን ገበያ ላይ ተሰማ። ምንዳዬ ይህን ለሚስቱ ቢነግራት ፊቷ ተለዋወጠ።

«ምነው? አንተ ከሄድህ ከብቱን ማን ሊያይ ነው? እኔው አስመዘግብሃለሁ፣ በሌላ ዙር ትሄዳለህ» አለችው።

«ዓይኔ እስከ ሌላ ዙር ይቆየኛል ብለሽ ነው?»

በማግሥቱ ብቻዋን ወረደች። ምንዳዬ አንድ ቀን ታገሠ፣ ሁለት ቀን ታገሠ፤ በሦስተኛው ግራ ዓይኑ እንባ አልቆም ሲለው ከብቱን ለወንድሙ አደራ ብሎ በደባርቅ በኩል መኪና ተሳፈረ። ሚስቱን ሊያጠምድ አልነበረም። አሞት ነበር፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ጎንደር አድሮ ረፋዱ ላይ የድርጅቱ በር ደረሰ። ዘበኛው የማን ቤተሰብ እንደሆነ ጠየቀው።

«የብርቄ ነኝ። የጃናሞራዋ ብርቄ።»

ዘበኛው ጣቱን በወረቀቱ ላይ አወረደ። «እዚህ እናት ብቻ ነው ያለ። ለማንኛውም ስብሰባው ተጀምሯል፣ ግቡ።»

እናት ብቻ መባሉ ምንዳዬን አልገረመውም። የእናቶች ነው ተብሎ የለ! እንደውም ሚስቱ እውነቷን እንደነበረ ዘበኛ መሰከረላት ብሎ በሆዱ ሳቀ። አዳራሹ ገብቶ ከኋለኛው ወንበር ዳር ተቀመጠ። መድረኩ ከሩቅ ይጨፈግግበታል፤ ሰዎቹን በድምፃቸውና በልብሳቸው ቀለም ነበር የሚለያቸው።

የሚያስተረጉመው ፊልጶስ ነው። ይህ ሰው ያኔ ደጋ ድረስ ወጥቶ ልጆቹን የመዘገበ፣ አሁን የድርጅቱ አስተባባሪ የሆነ ጎንደሬ ነው። ከአጠገቡ አንዲት ፀጉሯ የነጣ ፈረንጅ ሴትዮ ቆማለች። እጇ ላይ ደብዳቤ ይዛለች።

«ሴትዮዋ የሚሉት፣» አለ ፊልጶስ፣ «ይህን ደብዳቤ ከልጆቻችን አንዷ የዛሬ ስድስት ዓመት ጻፈችልን። አባቷ ሰሊጥ ሊያርም ቆላ ወርዶ በንዳድ ታሞ እዚያው ቀረ። ጉባኤያችን ይህን ሰው በየሳምንቱ ያስበዋል። ዛሬ በአገሩ ቆመን እናስበው።»

ምንዳዬ ልቡ ተነካ። ቆላን ያውቀዋላ! ያን ዓመት እሱም ሑመራ ወርዶ ነበር፤ እሱም ንዳድ ጥሎት አምስት ወር ደብዛው ጠፍቶ፣ ከሞት አፋፍ ነው የተመለሰ። እኔ ብተርፍ ያልተረፈ ሰው አለ ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ። ሰው ሁሉ ሲነሣ ተነሣ። «ነፍስ ይማር» ሲባልም ከማንም በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ነፍስ ይማር» አለ።

«ስሙ ወልደ ሚካኤል ይባል ነበር» አለ ፊልጶስ። «ልጁም ይቺውና። ብርቄ፣ ነይ ውጪ።»

ወልደ ሚካኤል የምንዳዬ የክርስትና ስም ነው። መንደሩ አያውቀውም፣ ወንድሙም አፉን ሞልቶ አይጠራውም። ከእግዜር በታች የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፦ ሚስቱ የትነበርሽና የነፍስ አባቱ ቄስ ኃይለ ማርያም። ነጭ የለበሰች ልጅ ወደ መድረኩ ስትወጣ በአረማመዷ አወቃት። ሰው ሁሉ ተቀመጠ፤ እሱ ግን ባርኔጣውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

ለዕረፍት ሲወጡ በግቢው ግንብ ጥግ አገኛቸው። የትነበርሽ ስታየው ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ብርቄ «አባ!» ብላ ልትስመው ሮጣ፣ ፊቱን ስታይ መንገድ ላይ ቆመች። ምንዳዬ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር።

«መቼ ነው የሞትሁ?» አለ።

ፊልጶስ «አባ» መባሉን ከሩቅ ሰምቶ እየተጣደፈ ደረሰ፤ ነገሩን ባንድ እይታ ተረዳውና «አያ ምንዳዬ፣ ቀስ ይበሉ» አለ። «ያኔ የሙት ልጅ ብቻ ነበር የሚቀበሉ። እርስዎ አምስት ወር ጠፍተው ነበር። ሞተዋል ብለን ነው።»

«ስመለስስ? ስመለስ ሰው አልነገራችሁም?»

ፊልጶስ ጫማውን አየ። «ስምዎ ከሄደ በኋላ ነው የሰማሁ። ከመዝገቡ ብናወጣት ልጅቱ ልትመለስ ሆነች።»

ፊልጶስ ባዳ ነው፤ ባዳ ቢዋሽ ለወረቀት ነው የሚዋሽ። ምንዳዬ ወደ ሚስቱ ዞረ። «የክርስትና ስሜን ማን ሰጣቸው?»

«ከደብር ደብዳቤ አምጪ አሉኝ» አለች የትነበርሽ። «አባ ኃይለ ማርያምን ጻፉልኝ ብላቸው፣ ያልፈታሁትን ፈታሁ ብዬ ማኅተም አልመታም አሉ። ሦስት ቀን ደጃቸው ቆምሁ። ኋላ ልጅቱን አይተው አዘኑ። እንግዲያው ልፍታው፣ ያኔ ወረቀቱ ሐሰት አይሆንም አሉ።»

«ፈቱኝ?»

«ፈቱህ።»

ሐሰት ላለመጻፍ ሲሉ፣ ለመሞቱ ምስክር ለሌለው ሰው ጸሎተ ፍትሐት አደረሱ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ካህን የት ይገኛል! ምንዳዬ ሲመለስ እኚሁ ቄስ እንኳን ለቤትህ አበቃህ ብለው መስቀላቸውን አሳልመውታል። በየወሩ በአሥራ ሁለት፣ በሚካኤል ማኅበር፣ እቤቱ ጠበል ጸዲቁን ይቀምሳሉ። የፈቱት ሰው ጠላ ሲቀዳላቸው ስድስት ዓመት ሙሉ ጉሮሯቸውን አንድም ቀን አላነቃቸውም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይሄ ነው።

«ማን ቆመልኝ?» አለ ምንዳዬ።

«እኔና ብርቄ ብቻ። ሌላ ሰው አልሰማም።»

«አለቀስሽ?»

«አለቀስሁ። የእውነቴን ነው ያለቀስሁ፣ በልጄ ሞት! የሞትህ መስሎኝ ነበር እኮ።»

«ስመለስስ?»

«ስትመለስ እሷ ጎንደር ነበረች። ደህና መብላት፣ ደህና መልበስ ጀምራ ነበር። ጀማምሯት የነበረው የዓይን ማዝ ድኖላት ነበር። አንተን ሕያው ነው ብዬ እሷን ይህንን ዓይን ላወርሳት ነው?» ብላ ወደ ዓይኑ አመለከተች።

ምንዳዬን ያቃጠለው ይሄ አልነበረም። ብትነግረው ኖሮ እሺ ይል ነበር። ለልጄ ከሆነ ሙት በሉኝ ብሎ ራሱ ቄሱ ዘንድ ይሄድ ነበር። ያቃጠለው፣ በየእሑዱ ጭኗ ላይ ተኝቶ ዓይኑን ሲሰጣት፣ ወረንጦውን ይዛ አቀርቅራ ስታየው፣ ያንን ሁሉ ዘመን የምታየው አንድ የተፈታ ሰው መሆኑ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። እንደናቀችው ገባው፣ አመመውም።

ይህን ሲያስብ ነጭ ፀጉር ያላት ሴትዮ ፈገግ እያለች ወደነሱ መጣች። ብርቄን አቅፋ ሳመቻት፣ የትነበርሽን እጇን ጨበጠች፣ ከዚያ ወደ ምንዳዬ ዞራ የሚያነባውን ዓይኑን አየችና አንድ ነገር ጠየቀች። እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ማነው እንዳለች ግን ለማወቅ ትምህርት ቤት አያስፈልግም።

የትነበርሽ መሬት መሬት አየች። ምንዳዬ ልጁን ብቻ ነበር የሚያየው። በዚያች ሰዓት አባቴ ነው ብትል፣ የሚስቱንም የቄሱንም፣ የስድስቱን ዓመትም ሁሉ እርግፍ አድርጎ ይተውላት ነበር። ከመዝገብ ብትወጣ በሬውን ሸጦ ያስተምራት ነበር። አዎ፣ ይሄንንም አሰበ።

ብርቄ በእንግሊዝኛ መለሰች። ትምህርቷን ሸጋ አድርጋ ተምራለች። ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አዘነች፣ ወዲያው ወደ ሕክምናው ድንኳን እያመለከተች ፊልጶስን አንድ ነገር አዘዘችው።

«ምን አለች ልጂቱ?» አለ ምንዳዬ።

ፊልጶስ ለመተርጎም ይህን ያህል የተቸገረበት ቀን አልነበረም። «ጎረቤታችን ነው አለች። ልጅም ዘመድም የለውም፣ እባካችሁ ዓይኑን እርዱት አለች። ተፈቅዶልዎታል።»

የሕክምናው ኃላፊ ሲስተር ነጃት ትባላለች፤ ረጋ ያለች፣ እጇ የማይቸኩል ሴት። ምንዳዬን አስቀምጣ ዓይኑን ገልብጣ አየች፤ ቀኙ ብዙም አልተጎዳም፣ ግራውም ቢሆን ዛሬ ከተሠራ ከዚህ በላይ አይበላሽም አለችው። ከዚያ ቅጹን አወጣች።

«ስምዎ?»

«ምንዳዬ።»

«ዕድሜ?»

«ሃምሳ ሁለት።»

«ልጅ አለዎት?»

ብርቄ ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ቆማ ነበር። ምንዳዬ አለኝ ቢል፣ ማናት ይባላል፤ ማናት ከተባለ የስድስት ዓመቱ ደብዳቤ ሁሉ ይናዳል፣ ልጅቱም ነገ መኪና ላይ ናት። ሴትዮዋ ደግሞ እዚያው ወዲያ ማዶ ቆማ ታያለች።

«የለኝም» አለ።

ቀላል ቃል ነበረች፣ ከአፉ ስትወጣ። ነጃት ጻፈች። «ሁለቱም ዓይን እስከ ነገ ይታሸጋል። የሚመራዎት ሰው አለ?»

«ጎረቤት አለኝ።»

ማደንዘዣው ሲወጋ ትንሽ አቃጠለው፣ ከዚያ በኋላ መጎተት እንጂ ሕመም አልተሰማውም። ነጃት ቆቡን ወደ ውጭ መልሳ ሰፋች፣ ሁለቱንም ዓይኖቹን በፋሻ አሰረች፣ ሲነጋ መጥቶ እንዲፈታ ነግራ አስነሣችው። ጨለማ ውስጥ ቆሞ የሰው ጫማ ሲመጣና ሲሄድ አዳመጠ። አንድ ቀጭን እጅ እጁን ያዘው። ይህን እጅ መቼም አይስተውም፤ በዚህ እጅ ይዞ መሄድ ያስተማራት እሱ ነው።

«አባ፣» አለች በሹክሹክታ፤ ታለቅስ ነበር። «አባ፣ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ። ዓይንህ እንዲሠራልህ ብዬ ነው።»

እጁን አልነጠቃትም። ዓይኑ ታስሯል፣ ያለ እሷ አንድ እርምጃ መሄድ አይችልም።

«አባ አትበይኝ» አለ። «ሰዎቹ ይሰሙሻል።»

«ማንም የለም፣ አባ።»

«እኔ አለሁ። እኔ እሰማለሁ።» «ጎረቤት ነው ካልሽ እንደ ጎረቤት ጥሪኝ። ሠፈር ውስጥ ልጆቹ እንዴት ነው የሚጠሩኝ?»

ልጅቷ በነፃው እጇ እንባዋን ጠረገች። እሱም ጠበቀ፤ ቸኩሎ የሚሄድበት አልነበረውም። ኋላ ከበሩ ወጥተው ጥቂት ሄዱና ቆም አደረገችው።

«አያ ምንዳዬ፣» አለች፣ «እዚህ ላይ ደረጃ አለ። ቀስ በል።»