ትልቁን ሽንኩርት ፍለጋ

«አሁን ደግሞ በአማርኛ ንገሪኝ» አለች ዘርፉ፣ ከመቂ የመጣውን የሽንኩርት ጆንያ በጉልበቷ ደግፋ አፉን እየፈታች። «ዓይንሽን ከደብተሩ ላይ አንሺ። እኔን እያየሽ።»

ዲንቄ ደብተሯን ጭኗ ላይ ደፋችው። «እማዬ፣ የኮምፒዩተር ነገር አይገባሽም።»

«ካልገባኝ ማስረዳት ያልቻልሽው አንቺ ነሽ። ነገ እነዚያ ጓዶች ፊት ስትቀመጪም አይገባችሁም ልትያቸው ነው?»

ልጅቷ ዘንድሮ በስታቲስቲክስ ተመርቃለች። አዲስ አበባ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ለኮምፒዩተር ክፍሉ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ፈልጎ የጽሑፍ ፈተና ሰጥቷል። ካለፉት ስድስት ሰዎች አንዷ እሷ ናት፤ የሚቀጠረው ግን አንድ ብቻ ነው። የቃል ፈተናው ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ስለሆነ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ ሄዳ አጎቷ ቤት ታድራለች። ዘርፉ ኮምፒዩተር የሚባለውን በዓይኗ አይታው አታውቅም፤ ፊደልም የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት፣ ትልቅ ሰው ሆና ነው። ሰው ሲፈራ ድምፁ እንዴት እንደሚያንስ ግን ናዝሬት ገበያ አስተምሯታል። የልጇ ድምፅ ሰሞኑን አንሷል።

ከጎኗ ቲማቲም የምትደረድረው ፋዲላ አላስቻላትም። «ዲንቄ፣ ዲግሪ የጫንሽው ሽንኩርት ለመልቀም ነው እንዴ?»

«አንቺ ቲማቲምሽን ጠብቂ!» አለቻት ዘርፉ። «በይ ልጄ፣ በጽሑፉ ምን ብለው ጠየቁሽ?»

«ከብዙ ቁጥሮች መካከል ትልቁን የሚያገኝ ፕሮግራም ጻፉ አሉን። ማሽኑ ቁጥሮቹ በቀዳዳ የተመዘገቡባቸውን ካርዶች አንድ በአንድ እያነበበ።»

ዘርፉ ሃያ የሚሆን ሽንኩርት ሸራው ላይ ዘረገፈች። «ይኸው። ትልቁን እንዳገኝልሽ እዘዢኝ። ማሽኑ እኔ ነኝ፤ ያላልሽኝን አልሠራም።»

ዲንቄ ሳትወድ ሳቀች። «እሺ፣ አንድ አንሺና በግራ እጅሽ ያዢ። በቀኝሽ ሌላ አንሺ። ከያዝሽው ከበለጠ እሱን ያዢና የድሮውን ቅርጫት ውስጥ ጣይ፤ ካልበለጠ አዲሱን ጣይ። እንደገና ሌላ አንሺ።»

ዘርፉ አነሳች፣ አስተያየች፣ ጣለች፣ አነሳች። ሸራው ባዶ ሆነ። እጇ ግን አላረፈም፤ ሸራውን ይዳብሳል።

«አልቋል እኮ እማዬ!»

«አቁሚ አላልሽኝም።»

አንድ ሰውዬ መጥቶ «ሽንኩርት ስንት ነው?» ቢላት ቀና ብላም አላየችው። ባዶውን ሸራ ትዳብሳለች። ፋዲላ በሳቅ ፈረሰች። «ያ ረቢ! ዘርፉ አበደች፣ ያዙልኝ!»

ዲንቄ ግን አልሳቀችም። ከፈተናው በወጣች ቀን መልሷን አስታውሳ የገለበጠችበትን ገጽ ፈልጋ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው።

«እዚያም አላልኩም» አለች ቀስ ብላ። «ካርዱ ሲያልቅ አቁም የሚለውን አልጻፍኩም።»

ዘርፉ እጇን ሰበሰበች። «አይተውታል?»

«ቢያዩት የሚጠሩኝ አይመስለኝም።»

«እንግዲያው ዝም በያ! ስድስት ሰው አንድ ወንበር ላይ ዓይኑን ጥሎ፣ አንቺ ጥፋትሽን ልታወሪ?»

«ሳይጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ።»

«ዲንቄ! የምልሽን ስሚ!»

«ሰምቻለሁ እማዬ። እነሱ ቢያልፉትም ማሽኑ አያልፈውም። አንቺስ መቼ አለፍሽው? ስህተቴን ራሴ አግኝቼ ራሴ ማረም እንደምችል ይወቁ። ይህን ካልወደዱ አይቅጠሩኝ።»

ይህን ስትል ድምፅዋ አላነሰም። ዋጋ የጠየቀው ሰውዬ እንኳ ዞሮ አያት። ዘርፉ ከጠዋት ጀምራ ስትጨቀጭቅ የዋለችው ይህንኑ ድምፅ ለማውጣት ነበር፤ መጀመሪያ የሚያርፈው በራሷ ላይ እንደሚሆን ግን አላሰበችም።

ዲንቄ ከደብተሩ አንድ ንጹሕ ገጽ ቀደደች። ስህተቷንና የጎደለውን ትእዛዝ በሁለት መስመር ጻፈች፤ አነበበችና አንድ ቃል ሰርዛ አስተካከለች። ከዚያ ነገ ለፈታኞቹ የምትሰጠውን የማስረጃ ፖስታ ከፍታ ወረቀቱን ከዲግሪዋ ፊት፣ ሲከፈት መጀመሪያ እንዲታይ አድርጋ አስገባችው።