ከገንዳው ጫፍ የቀረው አረፋ

ሱሉልታ ቤት ሠርተን ከገባን ወዲህ እንደ ዘንድሮ ያለ ድርቅ አላየሁም። በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም ደመናውን እያሳየን ያልፋል። ከሰፈራችን በላይ ካለው ጫካ ድኩላው፣ ጅግራው፣ ጥንቸሉ ሳይቀር ውሃ ፍለጋ እስከ አጥራችን ይወርድ ጀመር። ያን ጊዜ የእድራችን ዳኛ ኦቦ ደገፋ የከብቶቻቸውን የሲሚንቶ ገንዳ ጫካው ጥግ አስቀመጡና፣ "እያንዳንዱ ቤት በተራው አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውሃ ያምጣ። እንስሳም ጎረቤት ነው" አሉን። ከሁሉ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ማታ ማታ አጥር ተደግፎ ማየት ልማድ ሆነ። ግልገል ያላት አንዲት ድኩላ ነበረች። መጥታ ጆሮዋን ታዞራለች፣ ትቀምሳለች፣ ከዚያ ግልገሏን ታስጠጋዋለች። "እንደ እማዬ ናት እኮ፣ ሳትቀምስ ለልጅ አትሰጥም" እያለች ልጄ ሰናይት ትስቅብኛለች።

ሰናይት አዲስ አበባ ሥራ ውላ ነው የምትገባው፤ ሕፃን ልጇ ዮፍታሔ ከኔ ጋር ይውላል። በዚያው ሰሞን ተቅማጥ ያዘው። ጤና ጣቢያ "ፈሳሽ ያብዙለት" አሉኝ። ማብዛቱስ በምን ውሃ? ቧንቧው በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም እንደ እንግዳ ብቅ ብሎ ይሄዳል። እኔ ደግሞ መፍራት ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም። ነገ ባይመጣስ? ከነገ ወዲያስ?

ተራዬ ሲደርስ ንጹሑን ጀሪካን አልጋ ሥር ሸሸግሁና የሕፃኑን ጨርቅ ያለቀለቅሁበትን ውሃ ይዤ ወጣሁ። ሦስተኛ ውሃ ነው፣ ምን ሳሙና ቀረው፣ አውሬ ከኩሬ ይጠጣ የለም ወይ እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ሰው እንዳያይ በነጠላዬ ጋርጄ ደፋሁት። ምንም አልሆነም። በሁለተኛው ተራዬም ደገምኩት።

በዚያን ቀን ማታ ድኩላዋ መጣች። አፍንጫዋን አስጠጋች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ግልገሏን በግንባሯ ገፍታ ይዛው ተመለሰች።

"እማዬ፣ ምን ሆና ነው?" አለች ሰናይት።

"ጅብ ሸቷት ይሆናል" አልኳት።

ጠዋት የጎጃም መንገድ አስፋልት ላይ ሞታ ተገኘች። ድንጋይ የጫነ መኪና ገጭቷት ሄዷል። የወደቀችው ጎረቤታችን አብዶ መኪና ከሚያጥብበት ቦታ አጠገብ ነው። ግልገሉ ቦዩ ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ሰው ሲበዛበት ወደ ጫካው ሮጠ።

እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። ባለ ሱቁ ወንዲ ተነሣ። "ድኩላዋን ወደ አስፋልቱ የጠራት የአብዶ ውሃ ነው። ቀኑን ሙሉ መንገድ ዳር ያፈሳል። ቦታውን ይልቀቅ።"

"ያንተን መኪና በነፃ ሲያጥብልህ ውሃው አይፈስም ነበር?" አለ አንዱ ከኋላ። ተሳቀ። አብዶ ግን አልሳቀም። ሦስት ልጆች የሚያሳድገው በዚያች ቦታ ነው።

"አብዶ፣ አንተስ ምን ትላለህ?" አሉ ኦቦ ደገፋ።

"ምን እላለሁ፣ ኦቦ። በፊት አንድ ቀን ገንዳውን ሳየው ጫፉ ላይ አረፋ አለ፤ ሳሙና ይሸታል። በዚህ ሰፈር ሳሙና ከተባለ አብዶ ነው የሚባለው ብዬ ደነገጥኩ። አጥቤ በራሴ ውሃ ሞላሁት። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እያየሁት ነበር የምገባው። ያን ቀን ብቻ አመሸሁና ሳላየው ቀረሁ።"

"ይኸው! የሳሙናው ጌታ ራሱ ተናገረ" አለ ወንዲ።

ሰው አጉረመረመ። አብዶ አንገቱን ደፋ። እኔ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጬ የነጠላዬን ጥለት እፈትላለሁ። ለካ የመጀመሪያው ጊዜ ምንም ያልሆነው እሱ ከኋላዬ መጥቶ ስላጠበልኝ ነው። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ዝም ብል ግን ልጆቹ ምን ይበላሉ?

"ሳሙናው የኔ ነው" አልኩ። ድምፄ ስላልወጣ ቆሜ ደገምኩት። "የሕፃኑን ጨርቅ ያጠብኩበትን ነው ያመጣሁት። ንጹሑን ለሱ ሰስቼ።"

ሰናይት ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እኔ ስድቡን ጠበቅሁ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

"ሃደ ኮ፣ ይቀመጡ" አሉ ኦቦ ደገፋ፤ እናቴ ማለታቸው ነው፣ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው የሚጠሩኝ። "የታመመ ሕፃን አለብዎት። ከእንግዲህ ከተራው ወጥተዋል። አብዶም ቦታው ላይ ይቆያል።"

"እውነት ነው፣ ያሳዝናሉ" አሉ ሰዎቹ። ወንዲ እንኳ ደግፎ አስቀመጠኝ። በእድራችን ከተራ የሚወጣው ለቅሶ የተቀመጠ ቤት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቶቼ ጀሪካን ይዘው በደጄ ሲያልፉ ሰላምታቸው እንደ ለቅሶ ቤት ዝግ ያለ ነው።

ዮፍታሔ ሲሻለው አንድ ጠዋት፣ ተራ ሳይኖረኝ፣ ንጹሑን ጀሪካን ተሸክሜ ወጣሁ። አብዶ ገንዳው ጋ ደርሷል። ሲያየኝ እጁን ወደ ኋላው አደረገ።

"ደህና አደሩ፣ እማማ ማሪቱ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ስፖንጁን ስጠኝ።"

"የምን ስፖንጅ?"

"እየተንጠባጠበብህ ነው እኮ፣ አብዶ።"

ጫማውን አየ፤ ርሷል። እጄን ዘርግቼ ጠበቅሁት። ሰጠኝና ጀሪካኑን ተቀበለኝ። ጉልበቴ እየተንቋቋ ተንበርክኬ ጫፍ ጫፉን ፈተግሁት፤ እሱ እየቀዳ ያለቀልቃል።

ግልገሉ ቁጥቋጦው ሥር ቆሞ ያየን ነበር። ገንዳው ሲሞላ አብዶ "ይጠብቁ፣ አሁን ይመጣል" አለኝ። ባዶ ጀሪካኔን አንሥቼ ወደ ቤቴ ወረድኩ። ውሃውን ሲያሸተው ለማየት ዓይን አልነበረኝም።